ኦርጋኒክ ጓሮ፦ ለምን እንደምንመርጠውና ምን እንደሚያስከፍለን

ሰሞኑን የትም ብትሄዱ ወሬው ኦርጋኒክ ነው። ኦርጋኒክ ማር፣ ኦርጋኒክ እንቁላል፣ ኦርጋኒክ የፀጉር ቅባት፣ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ደሞ ኦርጋኒክ ጨው የሚል እሽግ አይቼ ብቻዬን ቆሜ ስስቅ ነበር (ጨው እኮ ማዕድን ነው፣ ማን ዘርቶት ማን ኮተኮተው)። እኔ ጓሮዬ ውስጥ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቃሪያና ትንሽ ትንሽ ቅመም አበቅላለሁ፣ ኬሚካል አልጠቀምም፣ ፎቶ ስለጥፍ ታዲያ ኢንቦክስ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም ከሁለት አያልፍም፣ «እንዴት ልጀምር» እና «ምን ያደክምሻል፣ ገዝተሽ አትበይም»። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም ስለ ኦርጋኒክ የሚወራውና እኔ ጓሮ ውስጥ የማየው ብዙ ጊዜ አይገናኝም፣ የሚያሞግሱትም የሚያጣጥሉትም ስራውን ይረሱታል። በብር ሲታይ ርካሽ ነው፣ በጊዜና በልብ ግን ውድ ነው፣ ይሄን ሳይናገሩ ኑ ጀምሩ ማለት ሰውን ማሞኘት ነው የሚመስለኝ።

ሰው ለምን ይመርጠዋል የሚለውን ላስቀድም። አብዛኛው የሚመጣው ፈርቶ ነው። ቲማቲም ገዝቶ ቤት ሲያደርስ ልጣጩ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ያያል፣ በጣቱ ሲያብሰው ይለቃል፣ ብዙ ጊዜ ፀረ ፈንገስ መድሃኒት ነው። አዲስ አበባ የምንበላው ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙው ከስምጥ ሸለቆ ነው የሚመጣው፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከዛ አካባቢ፣ ቲማቲም ደሞ ሲፈጥረው በሽታ የሚያጠቃው ተክል ነው፣ ከውጭ የገባችው ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ትል ከመጣች ወዲህማ ካልተረጨ ምንም አይተርፍም ይላሉ ገበሬዎቹ። መድሃኒቱ እቃ ላይ «ከተረጨ በኋላ ይሄን ያህል ቀን ሳይሞላ እንዳይለቀም» የሚል ነገር ተፅፏል፣ ግን ፅሁፉ ብዙ ጊዜ በውጭ ቋንቋ ነው፣ ደላላው ደሞ ነገ ጠዋት አይሱዙ ይመጣል ካለ ማን ነው ቀን የሚቆጥረው። ገበሬው ላይ አልፈርድም፣ ተበድሮ ዘርቶ አንድ ሌሊት ማሳው ሲጠቁርበት ማየት ቀላል አደለም። እሱ የሚረጨውም ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል ነው፣ ከኛ በፊት የሚታመመው እሱ ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት የውሃው ነው። ትንሿ አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ከቄራ ጀምሮ በመካኒሳ፣ በላፍቶ እያለ የሚወርደውን የአትክልት ማሳ ያላየ የለም፣ ከመኪና መስኮት ሲያዩት አይን ይማርካል። ወንዙ ውስጥ ግን የፋብሪካውም የጋራዡም የመፀዳጃ ቤቱም ፍሳሽ ይገባል፣ እዛ የበቀለ ሰላጣና ቆስጣ ላይ ከባድ ብረቶች፣ እነ ሊድ እነ ክሮሚየም፣ እንደሚገኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው ፅፈዋል። እዚጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፣ «እኔ በኮምጣጤ አጥቤ ነው የምበላው» ይላል። ኮምጣጤ ላዩ ላይ ያለውን ጀርም ይቀንስ ይሆናል እንጂ በስሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ብረት የሚያወጣ እጥበት የለም። ነገሩ ደሞ ወደኛም ይዞራል፣ በዛ ውሃ ያለ ምንም ኬሚካል ብታበቅሉት ንፁህ አይሆንም። የራሳችሁ ግቢ ድሮ ጋራዥ ከነበረ ወይ የባትሪ አሲድ ሲደፋበት የኖረ ከሆነ ጎመኑን መሬት ላይ አትትከሉት፣ ሌላ ቦታ አፈር አምጥታችሁ በጆንያ አብቅሉት።

ከፍርሃት ቀጥሎ ዋጋ ይመጣል። ሁዳዴ ሲገባ፣ 55 ቀን ሙሉ ግማሹ ሀገር ጎመንና ቆስጣ ላይ ሲዘምት፣ የእስር ጎመን መጠን እየቀጠነ ዋጋው እየወፈረ እንደሚሄድ ገበያ የሚወጣ ያውቀዋል። አትክልት ተራም በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ጃንሜዳ፣ ከጃንሜዳ ደሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ሰሜን በኩል ላለ ሰው ትራንስፖርቱ ራሱ ሌላ ወጪ ነው። ጣዕምም አለ፣ ከመደቡ ተቀጥፎ ድስት የገባ ጎመንና ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ውሃ ሲረጭበት የዋለ ጎመን አንድ አደለም፣ ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ ይሄ የትኩስነት ጉዳይ ነው፣ ዩሪያ የበላ ጎመንም ወዲያው ቢቀጠፍ ይጣፍጣል። ልጆች አፈር ይንኩ ብሎ የሚጀምርም አለ፣ ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ያስጠላውም አለ፣ ለፎቶ ብሎ የጀመረም አለ፣ ማንም ላይ አልስቅም፣ በምንም ይጀመር።

እንግዲህ ኬሚካል አለመጠቀም ግማሹ ነው፣ ያውም ቀላሉ ግማሽ። አለመርጨትማ ሰነፍም አይረጭም። ከባዱ አፈሩን መመገብ ነው። ዩሪያ ስትበትኑ የምታበሉት ተክሉን ነው፣ ኮምፖስት (የበሰበሰ ልጣጭ፣ ቅጠልና እበት) ስታለብሱ ግን የምታበሉት አፈር ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ፣ ፈንገስ፣ የምድር ትል ምናምን ነው፣ ተክሉን የሚያበሉት እነሱ ናቸው፣ ቀስ ብለው፣ በራሳቸው ሰዓት። ለዚህ ነው ኦርጋኒክ ችኩል ሰው የማይወደው።

ጎረቤቴ እማማ (ስማቸውን አልጠራም፣ ልጃቸው ፔጄን ታያለች) መጀመሪያ ጓሮዬ ያለውን ክምር ሲያዩ «ምነው ልጄ፣ ቆሻሻ የሚወስዱት ልጆች መምጣት ተዉ እንዴ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ማዳበሪያ ልሰራበት ነው» ብዬ ይሄን ሳይንስ ሁሉ ስዘረግፍላቸው እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና «እኛ ቸሃ እኮ በረት ጠርገን እበቱን እንሰት ስር ነው የምንደፋው፣ በየጠዋቱ፣ ይሄ እናንተ ኮርስ የምትወስዱበት ነገር ለኛ የሴት ልጅ የጠዋት ስራ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። የጉራጌ ጀፎሮ (ቤቶቹ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ የሳር መንገድ) ያየ ሰው ከቤቱ ጀርባ ያለው አፈር ምን ያህል ጥቁር እንደሆነ ያውቃል፣ በትውልድ ትውልድ እበት የጠገበ አፈር ነው። ነጮቹም ይሄን የተማሩት ከገበሬ ነው። የዘመናዊ ኮምፖስት አባት የሚባለው አልበርት ሃዋርድ የሚሉት እንግሊዛዊ ህንድ ሀገር የሄደው ገበሬዎቹን ሊያስተምር ነበር፣ ኢንዶር በምትባል ከተማ ከ1924 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ሲሰራ አብዛኛውን ነገር ከነሱ ከገበሬዎቹ አይቶ ነው ስርዓት ያስያዘው፣ እሱ ያቀናበረው ዘዴ እስከዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል።

ክምሩን በደንብ ላሳያችሁ። እርጥብ ነገር አለ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ አረም፣ የቡና አተላ፣ እበት። ደረቅ ነገር አለ፣ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ካርቶን፣ ሰጋቱራ። እርጥቡ ናይትሮጅን ይበዛዋል፣ ደረቁ ካርቦን፣ ባክቴሪያዎቹ ደስ የሚላቸው ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው፣ ወደ ባልዲ ስንመልሰው አንድ ባልዲ እርጥብ ካለ ሁለት ባልዲ ያህል ደረቅ ማለት ነው፣ በግምት፣ ማንም ሚዛን ይዞ አይቆምም። ክምሩ ቁመቱም ጎኑም ወደ አንድ ሜትር ካልደረሰ ሙቀት አይዝም። እርጥበቱ ተጨምቆ ውሃው እንደወጣለት ጨርቅ ይሁን። በቃ ይሄ ከተሟላ በጥቂት ቀን ውስጥ መሀሉ ይግላል፣ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፣ ቀጭን እንጨት መሀሉ ድረስ ሰክታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ስትነቅሉት ጫፉን ለመያዝ ይፋጃል፣ ጠዋት ብርድ ላይ ስትገልጡት ይጨሳል፣ አንድ የዘመድ ልጅ አይቶት እሳት ተነሳ ብሎ ውሃ ሊደፋበት ነበር። ያ ሙቀት ነው የአረሙን ዘርና በሽታ አምጪውን የሚገድለው። አፍንጫ ደሞ ጥሩ መሳሪያ ነው። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነው፣ ገልብጡት። አይን የሚያቃጥል የሽንት ሽታ ከሆነ እርጥቡ ወይ እበቱ በዝቷል፣ ገለባ ጨምሩ። ሲያልቅለት፣ ሶስት ወርም ይሁን ከዛ በላይ፣ ዝናብ ሲጀምር መሬት የሚሸተውን ነው የሚሸተው፣ ሁለቱም ላይ ያንን ሽታ የሚያመጣው አንድ አይነት ባክቴሪያ ነው።

ስጋ፣ አጥንትና ቅቤ ያለበት ነገር አትጨምሩ፣ አይጥ ትጠራላችሁ፣ አይጥ ከመጣ ደሞ ከጎረቤት ጋር መኳረፍ ነው። የተረፈ እንጀራ ይቻላል ግን መሀል ላይ ቅበሩት። አመድ በእፍኝ ብቻ፣ ከበዛ አፈሩን ያበላሻል። የባህር ዛፍ ቅጠል አስቸጋሪ ነው፣ ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም፣ እኔ እተወዋለሁ። የዶሮ ኩስ ትኩሱን ተክል ስር ካደረጋችሁት ያቃጥለዋል። ጥሬ ለሚበላ ነገር፣ ለሰላጣ ለካሮት፣ ያልበሰበሰ ፍግ መጠቀምማ ለሆድ በሽታ በር መክፈት ነው። አሜሪካ ያለው የኦርጋኒክ ደንብ ትኩስ ፍግ አፈር ውስጥ ከገባበት ቀን አንስቶ አፈር የሚነካው ሰብል እስኪሰበሰብ ቢያንስ 120 ቀን ይጠበቅ ይላል፣ እኛ ሀገር ያለው የወስፋት ብዛት ታስቦ ከሆነ እኔ በስብሶ ያላለቀ ነገር ሰላጣ ጋር ባታደርሱት እመርጣለሁ።

ባቄላ ሌላው የምወደው ነገር ነው። ገበሬዎቻችን ባቄላ ወይ ሽምብራ ወይ ጓያ ከተዘራበት መሬት ላይ በዓመቱ ጤፍ ወይ ስንዴ ሲዘሩ የኖሩት ያለ ምክንያት አደለም። ሰኔ ላይ ጓሯችሁ ውስጥ ትንሽ ባቄላ ዝሩና ሲያብብ አንዷን ከነስሯ ቀስ ብላችሁ በዶማ አውጧት። ስሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። አንዷን በጥፍራችሁ ስንጥቅ አርጓት፣ ውስጧ ሮዝ ነው፣ ጥሬ ስጋ ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም ውስጡ ደማችን ውስጥ ካለው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ብረት ያለበት ነገር አለ። እዛ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይዘው ለተክሉ ይሰጡታል። ውስጡ ነጭ ወይ አረንጓዴ ቢጤ ከሆነ እየሰራ አደለም። ይሄንኑ ስራ በፋብሪካ ለመስራት ፍሪትዝ ሃበር የሚባል ጀርመናዊ በ1909 እ.ኤ.አ. ላቦራቶሪ ውስጥ የተሳካለት በስንት ግፊትና በስንት ሙቀት ነው፣ ባቄላዋ በአዲስ አበባ ብርድ ስር ላይ ባለ እብጠት ትሰራዋለች። አዝመራው ሲያልቅ ግንዱን ከመሬት በላይ ቁረጡት እንጂ ስሩን አትንቀሉት፣ ቅጠሉንም እዛው አልብሱት፣ ፍሬውን በልታችሁ ቅጠሉንም ለበግ ከሰጣችሁ ለአፈሩ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ተባይ ላይ ስንመጣ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ጎመን ላይ ክሽክሽ ይወርዳል፣ ቅጠሉን ስትገለብጡት ግራጫ ሆነው ተጣብቀው፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ያስጠላል። ወዲያው ማላታይን ፍለጋ አትሩጡ። አጎንብሳችሁ በደንብ ተመልከቱ፣ መነፅር የምታረጉ መነፅራችሁን አርጉ። ከክሽክሾቹ መሀል አንዳንዶቹ አብጠው፣ ክብ ሆነው፣ ቀለማቸው ወደ ነሐስ ሄዶ፣ ሳይንቀሳቀሱ የተጣበቁ ታያላችሁ። ሞተዋል። ከነሱ አንዳንዱ ጀርባው ላይ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ክብ ቀዳዳ አለ። በጣም ትንሽዬ ተርብ አለች፣ አይን የማትሞላ፣ እንቁላሏን ክሽክሹ ውስጥ ትጥልበታለች፣ ልጇ ከውስጥ በልታው አድጋ ጀርባውን በስታ ትወጣለች። ቀዳዳዎቹን ካያችሁ ሰራተኛ ተቀጥሮላችኋል ማለት ነው፣ ያንን ሰዓት ከረጫችሁ ከክሽክሹ በላይ የምትጎዱት ተርቧን ነው፣ ክሽክሹ ግን በሳምንት ተመልሶ ይራባል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሽቅብ ሲመላለስ ካያችሁ እሱን አግዱ፣ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ ጠባቂያቸው እሱ ነው። በጣም ከባሰ ቅጠሉን በውሃ ግፊት ማጠብ፣ ካስፈለገ ትንሽ ላርጎ በውሃ አቅጥኖ ማታ ማታ ተባዩ ላይ በቀጥታ መርጨት፣ ሳሙናው የሚሰራው ሰውነቱን ሲነካው ነው እንጂ ቅጠሉ ላይ ደርቆ ቆይቶ ምንም አያረግም። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣው ቲክቶክ ላይ እንደሚባለው ተአምር አደለም፣ ጠረኑ አንዳንዱን ያርቃል ያው። ትል ከሆነ ደሞ በእጅ መልቀም ነው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ተምች በቆሎ ላይ ሲወርድ ስንት ሺ ገበሬ ከነልጁ ማሳ ገብቶ በእጁ ሲለቅም አልነበር እንዴ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚሉት ነገር። ትምባሆ ዘፍዝፎ ቃሪያ ላይ መርጨት የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አሉ፣ በፈገግታ፣ ልጅ ታቅፈው። ኒኮቲን እኮ በቆዳ ገብቶ ሰው የሚያሳምም መርዝ ነው፣ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ራሱ ይከለክለዋል። ኮፐር ሰልፌት የሚባለው ፀረ ፈንገስ ደሞ በተቃራኒው በመጠን የተፈቀደ ነው፣ ግን አፈር ውስጥ እየተጠራቀመ የምድር ትሉን ይጎዳል። እኛ ቤት ያለውን ምሳሌ ብትፈልጉ እንዶድ አለላችሁ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያን ሊከላከል የሚችል ነገር ያገኘው፣ ለዚህ ስራ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተሸልሟል። አያቶቻችን ነጠላ የሚያጥቡበት ፍሬ ነው፣ ቀንድ አውጣም አሳም ይገድላል። ከተክል መጣ ማለት የዋህ ነው ማለት አደለም፣ መጠኑንና የሚነካውን ማወቅ ነው የሚያዋጣው።

ከጓሮ ወጥተን ስለ ሀገር ስናወራ ደሞ ነገሩ ይከብዳል። «ድሮ ሁሉም ነገር ኦርጋኒክ ነበር፣ ማዳበሪያ አመጡና ገደሉን» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም፣ በተለይ ሰርግ ቤት። ማዳበሪያ ሀገራችን በስፋት መሞከር የጀመረው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፣ ከዛ በፊት አዎ ኬሚካል አልነበረም፣ ግን በሬው ያወጣውን እበት ማን ለመሬቱ መለሰለት። ከእንሰት ሀገር ውጪ ባለው ደጋ እንጨት ስላለቀ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ሱሉልታ መንገድ ላይ ኩበት ደርድረው የሚሸጡ እናቶችን ታያላችሁ፣ እነሱን ኦርጋኒክ ስሩ ማለት ማታ በምን ታበስያለሽ የሚለውን ሳይመልሱ ነው። ማገዶው ሳይፈታ ፍጉ አይገኝም። ሂሳቡንም እዩት፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፣ ጥሩ የሚባል ኮምፖስት አንድ ኩንታሉ ውስጥ 1 ወይ 1 ተኩል ኪሎ ቢኖረው ነው። ስለዚ አንድ ኩንታል ዩሪያን ለመተካት ከ30 እስከ 46 ኩንታል ኮምፖስት አዘጋጅቶ፣ ተሸክሞ፣ መበተን አለበት፣ ያውም ሁሉም በመጀመሪያው ዓመት አይለቀቅም። ለአንድ ሄክታር ሲመከር የኖረው ደሞ 100 ኪሎ ዩሪያ፣ እላዩ ላይ 100 ኪሎ ዳፕ ነው። እስቲ በጀርባችሁ አስቡት።

አይሆንም እያልኩ ግን አደለም። ትግራይ ውስጥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆነው አፈራቸው በታጠበ መንደሮች ኮምፖስት፣ እርከንና የከብት ልቅ ግጦሽን መቆጣጠር አንድ ላይ ሞክረው ነበር፣ በኮምፖስት የተገኘው ምርት ከማዳበሪያው እኩል፣ ብዙ ጊዜም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ አንድ ላይ ነው ያልኩት፣ አፈሩ በጎርፍ እየሄደ ኮምፖስት ብቻ ቢጨመርበት ጎርፉን መመገብ ነው። ሌላኛው ጫፍ ስሪላንካ ናት። በ2021 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ አካባቢ መንግስታቸው የኬሚካል ማዳበሪያ በአንዴ ከለከለ፣ የሩዙም የሻዩም ምርት አሽቆለቆለ፣ ህዝቡ ተቆጣ፣ በህዳር ክልከላውን አነሱት። አንድ አፈር ዩሪያ ለምዶ ቆይቶ በአዋጅ ማግስት ኦርጋኒክ አይሆንም። ስለዚ የኔ አቋም፣ ብትስማሙም ባትስማሙም፣ ኦርጋኒክ ለጓሮ በጣም ያዋጣል፣ ምክንያቱም ጓሮ ውስጥ የወጥ ቤቱ ልጣጭ ከመሬቱ ጋር ይመጣጠናል፣ ጉልበቱም የራስ ነው፣ ጎመኑ በትል ቢበሳም ማንም ዋጋ አይቀንስባችሁም። ሶስት ሄክታር ስንዴ ያለው የአርሲ ገበሬ ላይ ግን በፌስቡክ ሆኜ አልፎክርም።

ሱፐርማርኬት ኦርጋኒክ የሚል ስቲከር ያያችሁበትን ሁሉ አትመኑ። ሀገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ስርዓት አዋጅ አላት፣ አዋጅ ቁጥር 488/1998፣ ግን በትክክል ተመርምሮ ሰርተፍኬት ያለው ብዙው ለውጭ ገበያ የሚሄደው ነው፣ ቡናው በዋናነት፣ እነ ኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ለዓመታት በዚህ ሰርተውበታል፣ ምርመራው ገንዘብ ስለሚጠይቅ ገዢው ውጭ ካልሆነ አያዋጣም። ሰፈር ውስጥ ላለ ቲማቲም ስቲከሩን የሚለጥፈው ሻጩ ራሱ ነው። ጠይቁት፣ ማን አረጋገጠው፣ በምን ውሃ ነው የጠጣው። ብዙዎቹ ይናደዳሉ፣ አንዳንዱ ግን ገበሬውን ስልክ ደውሎ ያገናኛችኋል፣ ከሱ ግዙ።

እንግዲህ እንዴት ልጀምር ላላችሁት። ቤት ተከራይ ከሆናችሁ መሬት ላይ አትልፉ፣ አከራይ ሰርቪስ ልሰራበት ነው ካለ ዓመት ሙሉ የመገባችሁትን አፈር ጥላችሁ ነው የምትወጡት። በማዳበሪያ ጆንያ፣ በተሰነጠቀ ባልዲ፣ ከስሩ በተበሳ ጄሪካን ጀምሩ፣ ስትለቁ አይሱዙ ላይ ጭኖ መሄድ ነው፣ ከቁም ሳጥን ጋር። ሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይ ኮምፖስት፣ ሸክላማ መረሬ ከሆነ ትንሽ አሸዋ። ፍግ ከብት ከሚያረቡ ሰዎች ታገኛላችሁ፣ ብዙዎቹ የት እንደሚደፉት ስለሚቸገሩ በነፃ ይሰጣሉ፣ መጫኛውን ብቻ ክፈሉ፣ ግን የቆየውን ጥቁሩን ምረጡ። የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ አታፍስሱ፣ የሳሙና ውሃውን ግን ለቅጠላ ቅጠል አታጠጡ። አፈሩን እርቃኑን አትተዉት፣ በገለባ ወይ በደረቀ ሳር አልብሱት፣ በጋ ላይ የምታጠጡት ውሃ የሚቀንስላችሁ በዚህ ነው።

ከምንም በፊት ሀበሻ ጎመን ዝሩ። የዚሁ ሀገር ተክል ነው፣ ብርዱንም ያውቀዋል፣ ከታች ከታች ቅጠሉን እየቀጠፋችሁ ወራት ትበሉታላችሁ፣ አንዷን ሳትነኩ ተዉአትና ታብብ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዘር ከሷ ነው። አጠገቡ ቆስጣ፣ ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ። ካሮት ችግኝ አይወድም፣ እዛው በሚያድግበት ቦታ ዝሩት፣ ድንጋዩን በደንብ ለቅማችሁ፣ አለበለዚያ ሁለት እግር ያወጣል። ቲማቲም እንዳትጀምሩ ብዬ ብነግራችሁም ሁላችሁም ቲማቲም ነው የምትጀምሩት፣ አውቃለሁ፣ ቢያንስ ክረምት ላይ አታርጉት፣ የሐምሌ ዝናብ ቅጠሉን በአንድ ሳምንት አጥቁሮ ይጨርሰዋል። ዘሩን ጳጉሜ ላይ ችግኝ መደብ ውስጥ አፍሉት፣ ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲቆም ፀሐይ ግድግዳ ስር ደጋፊ እንጨት አርጋችሁ አዛውሩት፣ ውሃውን ስሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ።